ዛሬ ስንት ሆነ?



በእኛ ቤት ጠዋት ከ«እንደምን አደራችሁ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሆነ?» የሚል ነው። ባለፈው የባለቤቴ አጎት ከክፍለ ሀገር መጥተው እኛ ዘንድ አድረው ነበር። ጠዋት ልጄ ዓይኗን እያሻሸች ወጣችና «እማማ፣ ስንት ሆነ?» አለች። እናቴም ከበርጩማዋ ሳትነሳ «ሃያ ስድስት፣ ተመስገን» ብላ መለሰች። አጎታችን ግራ ገብቷቸው «ምኑ ነው ሃያ ስድስት የገባው? ቲማቲም ነው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ቲማቲም አይደለም። የቡቺ ትንፋሽ ነው። ቡቺ ውሻችን ነው፤ ልቡን ያመዋል። ተኝቶ ሳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ በየቀኑ እንቆጥራለን፤ በደብተርም እንጽፋለን። ሦስት ዓመት ሆነን። አጎታችን ይህን ሲሰሙ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «አይ የከተማ ሰው!» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ። አልፈረድኩባቸውም። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ቡቺ ወደ ቤታችን የመጣው የዛሬ 12 ዓመት ነው። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ውሻ ወልዳ፣ አንዱን በካርቶን ይዞት ገባ። ነጭ፣ ጸጉራም፣ ጆሮው የወደቀ፣ እናቱ የፈረንጅ አባቱ የሰፈር ውሻ የሆነ ክልስ ነው። አድጎም ከ8 ኪሎ አላለፈም። ለጥበቃ ተብሎ ነበር የመጣው፤ ግን ሌባ ቢመጣ መንገድ እየመራ የሚያስገባ ዓይነት ሆኖ ቀረ። ስም ለማውጣትም ብዙ አልተጨነቅንም። በእኛ መንደር ብቻ አራት ቡቺ አለ፤ አንዱ ሲጠራ አራቱም ይነሳሉ።

የዛሬ አራት ዓመት አባቴ ሲያርፍ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ያወጣችው ሕግ «ውሻ ከደጃፍ አያልፍም» የሚል ነበር። የቄስ ልጅ ነች፤ ቤቷ ጸሎት የሚደረግበት ቤት ነው። ስለዚህ ቡቺ ከማድ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮና በጣውላ የተሠራ ጎጆው ውስጥ ያድር ነበር። እሷ ጠዋት ስትወጣ ጭራውን ይቆላል፤ እሷ ደግሞ ነጠላዋን ሰብስባ በጥግ ታልፋለች። አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ነገሩ የታወቀው በክትባት ቀን ነው። በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እናስከትበዋለን። ሌላ ጊዜ መርፌው ተወግቶ፣ ደብተሩ ላይ ማህተም ተደርጎ በአምስት ደቂቃ እንወጣለን። የዚያን ቀን ግን ሐኪሙ አዲስ ነበር፤ ወጣት ልጅ ነው። ከመርፌው በፊት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የቡቺን ግራ ደረት ያዳምጥ ጀመር። አዳመጠ፣ አዳመጠ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ማዳመጫውን ትንሽ አንቀሳቅሶ እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሲያስል ሰምተውት ያውቃሉ? ሲሮጥ ይደክመዋል?» አለኝ።

መቼም ሐኪም ሲያዳምጥ ቆይቶ ጥያቄ ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ ሰው የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። ለውሻም ያው ነው።

«መርመር አለው» አለኝ። ማዳመጫውንም ለእኔ ሰጠኝ። የልብ ምት «ድው-ድው» እያለ ሲሄድ እንሰማለን አይደል? የቡቺ ግን በሁለቱ መሃል «ሽሽ» የሚል ነገር አለበት። የቧንቧን አፍ በጣት ግማሽ ይዘን ውሃ ስንለቅ የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አስረዳኝ። ልብ ውስጥ በሮች አሉ። ደም ወደፊት ካለፈ በኋላ በሩ ድርግም ብሎ መዘጋት አለበት። ትንንሽ ውሾች ላይ በዕድሜ ብዛት በግራ በኩል ያለው በር ጠርዙ ይወፍራል፣ ይቆለመማል፤ ሲዘጋም ክፍተት ይተዋል። ልብ በተጨማደደ ቁጥር ጥቂት ደም በዚያ ክፍተት ወደ ኋላ ይመለሳል። «ሽሽ» የሚለው እሱ ነው። በውሾች የልብ በሽታ ውስጥ በብዛት የሚታየውም ይኸው የበር ማርጀት ነው አለኝ። ወደ ሰው አይተላለፍም። እኛ ያጠፋነው ነገር ኖሮም አይደለም።

ድምፁ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የለመደ ጆሮ ብቻ የሚሰማው ነው፤ 5 እና 6 ሲደርስ እጅን ደረቱ ላይ ቢያደርጉት ሲነዝር ይታወቃል። የቡቺ 3 ነበር። «ግን» አለ ሐኪሙ፣ «የድምፁ ጩኸት ብቻውን የበሽታውን ክብደት አይነግረንም። ልቡ ሰፍቷል አልሰፋም የሚለውን በአልትራሳውንድ ማየት አለብን። ቡችላ ሆኖ ድምፅ ኖሮት ሲያድግ የሚጠፋለት አለ፤ በደም ማነስ የሚመጣም አለ። ገና ምንም አላወቅንም።»

እኔ ግን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። «ልብ» የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላውን በደንብ አልሰማሁትም።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ላንሳ። አባቴ ያረፈው በልብ ድካም ነው። ሐኪሙ ያኔ ወንድሜንና እኔን ለብቻችን ጠርቶ ነገረን። እኛም እንደ አገራችን ልማድ፣ ለእሱ እንዳይነገረው ለመንነው። «ደም ግፊትህ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው» አልነው። ለእናቴም እንዲያው አልናት። ልጄ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ «አባባ ደክሞት ነው» አልናት። መድኃኒቱን ግማሹን ይወስዳል፣ ግማሹን ይረሳል። ጨው ቀንስ ስንለው «ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ይበላ የለ?» ይለናል። ምን ብለን እንመልስለታለን? እውነቱን ደብቀናል። እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሄድንና አንድ ሌሊት አለቀ።

እናላችሁ፣ ከእንስሳት ሐኪሙ ስመለስ ያው ልማድ ያዘኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ቡቺ ምን አሉት?» ስትለኝ «ምንም፤ ክትባቱ ትንሽ አድክሞት ነው» አልኳት። ለእናቴማ ጭራሽ ማን ያወራል? ለባለቤቴ ብቻ ነገርኩት። እሱም «ሳይታወቅ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ።

ወሬ ግን አይደበቅም። ከጎረቤት አንዷ ሰምታ «በመርፌ አስተኙትና ይገላገል» አለችኝ። ሌላዋ «ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ ከሥጋ ጋር ስጪው፤ ልብ ያጸዳል» ብላ መከረችኝ። ይህን ለሐኪሙ በስልክ ስነግረው ጮኸ። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የተቀቀለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ለታመመ ልብ ደግሞ ደም ማነስ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሌላ ክሊኒክ ወሰድነው። በሩ ያፈስሳል፤ ልቡ ግን ገና አልሰፋም። «መድኃኒት አያስፈልገውም» አለን ሐኪሙ። ይህ ደረጃ ላይ ያሉ ብዙ ውሾች ለዓመታት ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ፤ ከእነዚያ ውስጥ በሌላ ምክንያት፣ በእርጅና የሚሞቱም ብዙ ናቸው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን የቤት ሥራ ሰጠን።

የቤት ሥራው መቁጠር ነው። ልብ ሲያቅተው ውሃ ሳንባ ውስጥ መግባት ይጀምራል፤ ሳንባው ውሃ ሲይዝ ደግሞ እንስሳው ተኝቶም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ከማሳሉም፣ ከመድከሙም በፊት ይህ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጭልጥ አድርጎ ሲተኛ ደረቱን ማየት ነው። ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሰላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ወይም ደቂቃውን ሙሉ መቁጠር ይቻላል። ሕልም እያየ እግሩን ሲያንቀጠቅጥ ወይም ሙቀት ኖሮ ሲያለከልክ አይቆጠርም። ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ30 ካለፈ ትንሽ ቆይቶ እንደገና መቁጠር፤ አሁንም ካለፈ ለሐኪም መደወል። ዋናው ቁም ነገር ደህና ሳለ የእሱን ልማድ ማወቅ ነው። የቡቺ ያኔ ከ18 እስከ 22 ነበር።

ታዲያ ማታ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ስልኬን ይዤ እየተደበቅሁ ከማድ ቤቱ ጀርባ እሄዳለሁ። ጎጆው ፊት ቁጢጥ ብዬ እቆጥራለሁ። ቁጥሩን በልጄ አሮጌ ደብተር ጽፌ ደብተሩን ከሶፋው ሥር እሸጉጣለሁ። አንድ ወር ያህል እንዲህ ሆንኩ። ባለቤቴ «ሌባ መስለሽ አንድ ቀን ጎረቤት ድንጋይ ይወረውርብሻል» ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልጄ የጠፋ እርሳሷን ስትፈልግ ደብተሩን አገኘችው። ሳሎን ውስጥ ይዛው ቆማ «እማዬ፣ ምንድን ነው ይኼ? ‹ቡቺ፣ 20፤ ቡቺ፣ 22› የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ሌላ ውሸት ነበር። ልናገር ስል ቀደመችኝ፦

«ደክሞት ነው እንዳትዪኝ። አባባንም ደክሞት ነው ብለሽኝ ነበር።»

የስምንት ዓመት ልጅ ነች። እናቴ እዚያው ባቄላ እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆመ። ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ ቁጭ ብዬ ለሁለቱም የቡቺን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ በሩን፣ ድምፁን፣ ቁጥሩን፣ ምን ሊመጣ እንደሚችል። ልጄ «ይሞታል?» አለችኝ። «አንድ ቀን ይሞታል። አሁን ግን ደህና ነው። ደህና መሆኑን የምናውቀውም ስለምንቆጥር ነው» አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «እኔም ልቁጠር» አለች።

የሚገርመው የእናቴ ነገር ነው። የዚያን ዕለት ማታ ዶፍ ዝናብ ጣለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጎጆውን ስታይ ቆየችና «በግዕዝ ውሻ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ከልብ። አባቴ ተማሪዎቹን ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። ታዲያ ከልብ ልቡን ታሞ ደጅ ይደር?» ቡቺ የዚያን ሌሊት ከበሩ ሥር ባለችው ምንጣፍ ላይ አደረ። ከዚያች ምንጣፍም እስከ ዛሬ አልተነሳም። ጸሎት ስታደርግ ብቻ ወደ በረንዳው ይወጣል፤ አሁንማ መቁጠሪያዋን ስታነሳ ሲያይ ራሱ ተነስቶ ይወጣል።

ቆጠራውም የቤቱ ሁሉ ሥራ ሆነ። እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትነሳለች፤ ውሻውም በዚያ ሰዓት ጭልጥ ብሎ ይተኛል። በጆሮዋ ደቂቃ የሚያሰማ ነገር ስለፈለገች ባለቤቴ አንዲት የወጥ ቤት ሰዓት ገዛላት፤ ደቂቃው ሲሞላ ትጮሃለች። ቁጥሩ እንዳይጠፋባት አንድ ትንፋሽ በተነፈሰ ቁጥር አንድ ባቄላ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ታስገባለች። በመጀመሪያ በመቁጠሪያሽ ለምን አትቆጥሪውም ስላት «እሱ የሌላ ጌታ ነው» አለችኝ። ጠዋት ልጄ ባቄላውን ቆጥራ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

አንድ ማታ እንደ ወትሮው አብረን ተቀምጠን ሳለ እናቴ ድንገት «የአባትሽ ስንት ነበር?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ትንፋሹ። ሌሊት ሌሊት መስኮት ክፈቱልኝ ይል ነበር። ሦስት ትራስ ደራርቦ ነበር የሚተኛው። እኔ አቧራው ነው እያልኩ አጠገቡ እተኛ ነበር። ብታውቂ ኖሮ ትነግሪኝ አልነበር?»

አውቅ ነበር። ያን ማታ ነገርኳት። ለአራት ወር ያህል በደንብ አላናገረችኝም። አልዋሽም፣ የምትናገረኝ ስለ ቆጠራው ብቻ ነበር፦ «ሃያ አንድ።» «ሃያ።» «ሃያ ሦስት፣ ግን ሕልም እያየ መሰለኝ።» አንዳንዴ ሳስበው ያን ጊዜ ያለፍነው በቡቺ ትንፋሽ ነው። ሌላ የምንነጋገርበት ነገር አልነበረንም።

የምግቡን ነገር በተመለከተ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልንገራችሁ። የአዲስ አበባ ውሻ የሚበላው የቤቱን ትርፍራፊ ነው፤ የእኛ ትርፍራፊ ደግሞ ጨው፣ ሽንኩርትና በርበሬ ነው። በጾም ወቅት ውሻውም አብሮን ይጾማል፤ ሽሮ ፍትፍት ይጠብቀዋል። ለልብ በሽተኛ ይህ አይሆንም። አሁን ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ እንገዛለን፣ ያለ ጨው ቀቅለን ከሩዝ ጋር እናደባልቃለን፣ የሳምንቱን ከፋፍለን ፍሪጅ እናስቀምጣለን። እናቴ «ጨው የሌለው ምግብ እስር ቤት ነው» ትል ነበር፤ አሁን ግን እንግዳ ቁራሽ ሲወረውርለት ቀድማ የምትጮኸው እሷ ነች። ውፍረትም ለልብ ሸክም ነው፤ ከመጠን ያለፈ ቅጥነትም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ በወር አንዴ ባለቤቴ አቅፎት ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ብቻውን ይወጣል፣ ልዩነቱን እንጽፋለን። ባለቤቴ በዚሁ ሰበብ የራሱን ኪሎ አይቶ ሲደነግጥ ሩጫ ጀምሯል፤ ከቡቺ በፊት ያለከልካል።

ሁለት ዓመት በዚህ ሁኔታ ሄደ። ከዚያ ቡቺ ማሳል ጀመረ፤ ጉሮሮው ላይ ነገር የተሰነቀረበት ይመስል ደረቅ ሳል። ድምፁ 4 ሆኗል፤ አልትራሳውንዱም ልቡ መስፋቱን አሳየ። ትንፋሹ ግን ገና 24 ነበር። ሐኪሙ «አሁን ነው መድኃኒት የሚጀመረው» አለ። ስሙ ፒሞቤንዳን ይባላል። ልቡ ሰፍቶ ገና ያልደከመ ውሻ ላይ መድኃኒቱ ድካሙ የሚመጣበትን ጊዜ በአማካይ ወደ 15 ወር ገደማ እንደሚያዘገየው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና 360 ውሾች የተካተቱበት ጥናት አሳይቷል። በየ12 ሰዓቱ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል በፊት፣ በባዶ ሆድ ይሰጣል። ለእኛ ሰዓት አቆጣጠር የተመቸ ነው፤ ጠዋት 12፣ ማታ 12።

ችግሩ በምንጠይቅበት መድኃኒት ቤት ሁሉ አጣነው። የባለቤቴ እህት ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ውሻ አላቸውና የእንስሳት መድኃኒት ቤቱን ታውቀዋለች። ሐኪማችን የጻፈውን ላክንላት። መልሳ ደውላ ሳቀች፣ ሳቀችና በመጨረሻ «እኔ እዚህ የሰው ውሻ ጸጉር አበጥራለሁ፤ ሰው ሁሉ የእናቴን የስኳር መድኃኒት ላኪልኝ ይለኛል፣ እናንተ ደግሞ የውሻ?» አለች። ብትልክልንም ንግግሯ ውስጤ ቀረ።

በዚህ ነገር እኔና ባለቤቴ ተጣልተናል። በወር የሚወጣው ከልጃችን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ይበልጣል። መንገድ ላይ ልጅ ያዘለች እናት እጇን ስትዘረጋ እያየሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የውሻ ክኒን ይዤ አልፌያለሁ። ይህን የማይሰማው ሰው አለ ብዬ አላምንም። በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው፦ ከቤቱ ሰው መድኃኒት፣ ከትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከእድርና ለዘመድ ከምንሰጠው ቀጥሎ ነው። ለቡቺ ብለን አንበደርም። የምንቀንሰውም ከራሳችን ነው፤ የወር መጨረሻው ክትፎ ቀርቷል። አንድ ቀን ካቃተን ደግሞ ለልጃችን «አቃተን» ብለን እንነግራታለን እንጂ «አለቀ ከገበያው ጠፋ» አንላትም።

ያ ሌሊት የመጣው ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ለሁለት ቀን 28፣ 29 ሲል ቆይቶ ማታ 3 ሰዓት ላይ ልጄ ቆጥራ «38» አለችኝ። እኔ ስቆጥር 40 ሆነ። ቡቺ አይተኛም፤ ክርኖቹን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። ሐኪሙ ጋ ደወልን። «አሁኑኑ ይዛችሁት ኑ» አለን። ሁለት ታክሲ ውሻ አንጭንም ብለው ጥለውን ሄዱ። ሦስተኛው ሹፌር መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆኖ ነው?» አለ። «ልቡን ነው» አለችው ልጄ። «የእኔም እናት ልቧን ነው። ግቡ» አለን።

ሐኪሙ ውሃውን የሚያስወጣ መርፌ ወጋው፤ ፉሮሴማይድ ነው፣ ሰዎችም ላሲክስ እያሉ የሚወስዱት። «ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ አይደርስም ነበር» አለን። እኩለ ሌሊት ላይ ክሊኒኩ ወለል ላይ ጨርቅ አንጥፈን ልጄ ሰዓት ይዛ እኔ ስቆጥር 32 ሆነ። ሲነጋ 26። ቤት ስንደርስ እናቴ ባቄላዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚያሸናውን ክኒን በየቀኑ ይወስዳል። ውሃ ብዙ ይጠጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል። ውሃ መከልከል አይገባም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን አንድ ጀሪካን የእሱ ተብላ ተለይታለች። ሐኪሙ ከእንግዲህ በዓመት ሳይሆን በወር እንድናስብ ነግሮናል። ሰባተኛ ወራችን ነው። መጨረሻው ሲመጣና መተንፈስ ሲያቅተው በመርፌ እናሳርፈው ወይስ አናሳርፈው በሚለው ገና አልተስማማንም። እኔ እናሳርፈው እላለሁ፣ እናቴ «የሰጠው ይውሰደው» ትላለች፣ ልጄ ሁለታችንንም ታዳምጣለች። አሁን ሳትሰማ የሚወራ የለም።

ውሻ ያላችሁ አንባቢያን፣ ለክትባት ስትወስዱት «ልቡንም ያዳምጡልኝ» በሉ፤ በተለይ ትንሽ ዝርያ ሆኖ ዕድሜው ከሄደ። ደህና ሳለ ትንፋሹን ለአንድ ሳምንት ቆጥራችሁ ጻፉ። ሽንኩርት አትስጡት። ከሰው መድኃኒት ሳጥን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምንም አትስጡት፤ ለእኛ ቀላል የሆነው የራስ ምታት ክኒን ውሻን ሊገድል ይችላል። ሲያስል፣ ሲወድቅ ወይም ተኝቶ ከ30 በላይ ሲተነፍስ አትጠብቁ።

ስለ ሰው ደግሞ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምክርም አልሰጥም። ወንድሜ ባለፈው ደም ግፊቱን ተለክቶ ከፍ ብሎ ሲያገኘው ለእናታችን እንዳትነግሪ አለኝ። «አልችልም፤ በእኛ ቤት ይቆጠራል» አልኩት። እናቴ አሁን በየእሁዱ እየደወለች «ስንት ሆነ?» ትለዋለች።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የእናቴ ሰዓት አሁን ጮኸች። ሃያ ሰባት።

ቸር ሰንብቱ።